ጆሮን ደፍኖም ጩኸቱ አልቀንስ ሲል

የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከሕንፃው ጎን የብረት በር የሚሠራ ወርክሾፕ አለ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ግሮሰሪ። ጠዋት ገና ዓይኔን ሳልገልጥ «ቆራሌው!» ይጀምራል። ጎረቤቶቼ በዚህ ሁሉ መሃል ለሽ ብለው ይተኛሉ። እኔ ግን ማንኪያ ከሳህን ጋር ሲጋጭ እንኳ ትከሻዬ ጆሮዬ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ የጆሮ መድፈኛ፣ ብዙ ሰው ኢርፕላግ የሚለውን፣ መጠቀም ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ላይ አንድም ነገር በትክክል አላደረግኩም። በየተራ የገጠሙኝን ችግሮች ከነምክንያታቸውና ከነመላቸው ልንገራችሁ።

«ደፍኜውም ሁሉን እሰማለሁ»

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመድፈኛው ሳይሆን የአገባቡ ነው። ከስፖንጅ የተሠራውን መድፈኛ ጆሯችን አፍ ላይ ሰካ አድርገን በአውራ ጣት እንገፋዋለን። ግማሹ ውጭ ይቀራል። በጠርዙ አየር የሚያልፍ ከሆነ ድምፅም ያልፋል። የጆሮ ቱቦ 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ቀጥ ያለም አይደለም። ጠመም ስለሚል ዝም ብሎ የተገፋ ስፖንጅ መታጠፊያው ላይ ይቆማል።

እንዲህ አድርጉ። እጃችሁን ታጠቡ። ስፖንጁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እያንከባለላችሁ እንደ ጧፍ እስኪቀጥን አጥብቁት፤ እንዳይሸበሸብ ግን ተጠንቀቁ። ቀኝ ጆሮ ከሆነ ግራ እጃችሁን በአናታችሁ ላይ አሳልፋችሁ የጆሯችሁን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት። ያኔ ቱቦው ይቃናል። ስፖንጁ ሳይነፋ ቶሎ አስገቡትና በጣታችሁ ጫፍ 30 ሰከንድ ያህል ያዙት። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገና አምስት ሳይቆጥር ይለቀዋል፣ ስፖንጁም ወደ ውጭ ይመለሳል። በደንብ ከገባ ግን ውስጥ ሲነፋ ይሰማችኋል። የግሮሰሪው ሁካታ ቀስ እያለ ወደ ሌላ ሰፈር የሄደ ይመስላል።

መግባቱን ለማወቅ ሁለቱን ጆሯችሁን በመዳፋችሁ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። ድምፁ በጣም ከቀነሰ መድፈኛው አልገባም ማለት ነው፤ አውጥታችሁ ድገሙት። ብዙም ልዩነት ከሌለው ጥሩ ነው።

ጥጥና ሶፍት ጠቅልሎ መወተፍ ብዙም አይረዳም፤ አየር ስለሚያስገባ ድምፅም ያስገባል። ጠባብ ጆሮ ያለው ሰው አነስ ያለ መጠን ይፈልግ። ፋርማሲ ውስጥ ካጣችሁ፣ የሴፍቲ ጫማና ሄልሜት የሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። እነሱ ጋ ያለው ለሠራተኛ ተብሎ የመጣ ስፖንጅ ለእንቅልፍም ይሆናል።

ፓኬቱ ላይ ያለው ቁጥር እንዳያታልላችሁ። 33 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል የሚለው ባለሙያ እያስገባው ላቦራቶሪ ውስጥ የተለካ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ከዚያ ላይ 7 ቀንሳችሁ ለሁለት አካፍሉት ይላል። 13 ይቀራል። ከ33 የጠበቀ ሰው 13 ሲያገኝ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለዋል።

«የሰው ድምፅ ጠፋ፣ ድምድምታው ግን ቀረ»

ይህ የግሮሰሪና የሠርግ ድንኳን ችግር ነው። መድፈኛ ቀጭኑን ድምፅ በደንብ ይይዛል፤ በወፍራሙ፣ ማለትም በባሱ፣ ይደክማል። ባስ ግድግዳውንና አልጋውን እያንቀጠቀጠ ይመጣል፣ ከፊሉም በአጥንት በኩል ወደ ውስጥ ጆሮ ይደርሳል። እንዲያውም ሌላው ድምፅ ስለጠፋ ባሱ ብቻውን ጎልቶ ይወጣል።

መድፈኛ ላይ መድፈኛ መደረብ እዚህ ጋ አይሠራም። አልጋውን ከግሮሰሪው አቅጣጫ ካለው ግድግዳ አርቁት። ከዚያ ቬንትሌተር ወይም በስልክ የዝናብ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። እኔን የገላገለኝ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። በነገራችን ላይ፣ በአገራችን ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው የድምፅ ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲያወሩ 60 ገደማ ይደርሳል። ግሮሰሪው ይህን የሰማ አይመስለኝም። መቼ ይሰማል?

«የራሴ ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ያስተጋባል»

ስታወሩ፣ ስታኝኩ፣ ስትራመዱ «ድብ ድብ» ይላል። የራሳችሁ ድምፅ በአጥንት ወደ ቱቦው ይገባል፤ በሩ ስለተዘጋ መውጫ ያጣል። ጠለቅ አድርጎ ማስገባት ይቀንሰዋል። ቀን ላይ ሰው እያነጋገራችሁ ከሆነ ደግሞ ስፖንጁን ትታችሁ ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበትን ማጣሪያ ያለውን ዓይነት ሞክሩ። ሁሉንም ድምፅ እኩል ዝቅ ያደርጋል፣ ንግግር አያደበዝዝም። ዋጋው ግን ይለያል።

«ያመኛል፣ ያሳክከኛል፣ ጆሮዬ ድፍን አለ»

የታመመ ጆሮ አይደፈንም። ፈሳሽ ካለው፣ ታምቡሩ የተበሳ ከሆነ ወይም ሲነካ የሚያም ከሆነ መድፈኛውን ተዉትና የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ማሳከክ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቆሸሸ ስፖንጅ ነው። ስፖንጅ ለጥቂት ቀን የተሠራ ነገር ነው፤ ቀለሙ ሲቀየር ወይም ተጠቅልሎ መንፋት ሲያቅተው ይጣል። እኔ አንዱን ጥንድ ወር ሙሉ ተጠቅሜ ያተረፍኩት የጆሮ ጠብታ ነው። የሚታጠበው የሲሊኮን ዓይነት ከሆነ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ።

ድፍን ማለት ከሆነ ኩክ ወደ ውስጥ ተገፍቷል። በክብሪት እንጨት፣ በፀጉር ሽቦ ወይም በእስክሪብቶ ክዳን ለማውጣት አትሞክሩ፤ የባሰ ትገፉታላችሁ። ሐኪም ቤት በደቂቃዎች ያወጡታል። መድፈኛውን ስታወጡ ደግሞ መንጭቃችሁ አታውጡት፤ እያዞራችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። በኃይል ሲሳብ ታምቡሩን ያሳምማል።

«ጩኸት አይደለም፤ የሰው አበላል ነው የሚያሳብደኝ»

ማስቲካ ማላመጥ፣ ሾርባ መማግ፣ አፍንጫ መሳብ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ንዴቱ ግን ትልቅ። ይህ ሚሶፎኒያ ይባላል፤ ስሙን ጃስትሬቦፍ የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ነው ያወጡለት። ከተራ የድምፅ ትብነት ይለያል፤ እዚህ የሚያናድደው የድምፁ መጠን ሳይሆን ድምፁ ራሱ ነው።

የእኛ ቤት ችግር አንድ ትሪ ላይ መብላታችን ነው። ማዕድ ላይ ጆሮ ደፍኖ መቀመጥ ንቀት ይመስላል። እኔ እናቴን አስቀድሜ በግልጽ ነገርኳት፤ «ጆሮዬ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም።» አሁን ምግብ ሲቀርብ ራዲዮኑን ራሷ ትከፍታለች። ዝቅ ያለ ራዲዮ ከሙሉ መድፈኛ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ካልበቃ ወደሚበላው ሰው ያለውን አንድ ጆሮ ብቻ መድፈን ይቻላል።

«ካወጣሁት በኋላ ዓለም ይበልጥ ጮኸብኝ»

በጣም የማሳስባችሁ እዚህ ላይ ነው። ቤት ሆኜ የምሠራ ሰው ነኝ። ለወራት ጠዋት አስገብቼ ማታ አወጣሁት። ጸጥታው ጣፋጭ ነበር። አንድ ቀን ሳወጣው ግን የቁልፍ መንኳኳት እንደ ሚስማር ወጋኝ። መድፈኛው ደካማ መስሎኝ ወፍራሙን ገዛሁ። ባሰብኝ።

ምክንያቱ ጆሮ ላይ ሳይሆን አእምሮ ላይ ነው። የሚገባው ድምፅ ሲያንስበት አእምሮ የራሱን ቮልዩም ይጨምራል፤ ሩቅ ያለ ሰው ሲያነጋግራችሁ ጆሯችሁን እንደምታቀኑት። እነ ክሬግ ፎርምቢ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ለሁለት ሳምንት ጆሯቸውን ደፍነው ቆዩ፤ ሌሎቹ ለስላሳ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ጆሯቸው ላይ አደረጉ። የደፈኑት ለድምፅ ይበልጥ ስሱ ሆኑ። ለስላሳ ድምፅ የሰሙት በተቃራኒው ቻሉት።

ስለዚህ መድፈኛ ለእንቅልፍ፣ ለወርክሾፑ መፍጫ፣ ለጄኔሬተር፣ ለሠርግ ድንኳን ይሁን። የሚጮህባችሁ ድምፅ 85 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ከሆነማ ማንም ሰው ጆሮውን መድፈን አለበት። ጸጥ ባለ ሳሎን ውስጥ ግን ይውጣ። ቀኑን ሙሉ ለምዳችሁ ከሆነ በአንድ ጊዜ አትጣሉት። እኔ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት እየቀነስኩ፣ በቦታው ዝቅ ያለ የዝናብ ድምፅ እየከፈትኩ ነው የተላቀቅኩት። ሁለት ወር ፈጅቷል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያበሳጫሉ።

ትብነቱ ድንገት የመጣ ከሆነ ግን በመድፈኛ አትሸፍኑት። ማይግሬን እንዲህ ያደርጋል። የፊት ነርቭ ሽባነትም ያደርጋል፤ ከፍተኛ ድምፅ ሲመጣ የምትኮማተረውን ትንሿን የጆሮ ጡንቻ የሚያዝዛት ያው ነርቭ ነውና። አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ አይባልም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ነው።

«ውሃ ሲመጣ አልሰማሁም»

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም ሌሊት። አንድ ምሽት ቧንቧውን ከፍቼ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጬ፣ ሁለቱንም ጆሮ ደፍኜ ተኛሁ። ውሃው መጣ፣ ባልዲው ሞላ፣ ወደ ታች ወረደ። ከእኔ በታች ያሉት እትዬ በሩን ሲደበድቡ አልሰማሁም። የቀሰቀሰኝ ስልኬ ነው፤ ትራሴ ሥር ሲንቀጠቀጥ። በሩን ስከፍት «ልጄ፣ ሞተህ መስሎኝ እኮ ነው!» አሉኝ፤ ነጠላቸው እየተንጠባጠበ።

የማንቂያ ደወል ካስፈለጋችሁ ስልኩን ንዝረት ላይ አድርጋችሁ ትራስ ሥር አኑሩት። ሕፃን ወይም ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከሆነ በተራ ተኙ፤ ተረኛው አይደፍንም። እኔ በውሃ ቀን ግራ ጆሮዬን ብቻ እደፍናለሁ፣ ባልዲውንም በብረት ሳፋ ቀይሬዋለሁ። የመጀመሪያው ጠብታ ሳፋው ላይ ሲያርፍ አንድ ጆሮ ይበቃል።