የጓሳን የምግብ መረብ እንዴት እንደምንስል

በአንድ ሥነ ምህዳር ውስጥ ኃይል ከማን ወደ ማን እንደሚተላለፍ ለመረዳት፣ ማን ማንን እንደሚበላ በቀስት የሚያሳየውን የምግብ መረብ በገዛ እጅ ከመሳል የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ለምሳሌነት በሰሜን ሸዋ የሚገኘውን የደጋ ሣር ምድር፣ የመንዝ ጓሳን፣ መርጫለሁ። የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ላጲስና ሰፊ ወረቀት ብቻ ነው። ተዘጋጅተው የሚመጡ የኮምፒውተር ሥዕሎችን ለጀማሪ አልመክርም፤ ቀስቶቹ ቀድመው ስለተቀመጡ ተማሪው እንዲያስብ አያስገድዱትም።

ከወረቀቱ ግርጌ የፀሐይን ብርሃን ወደ ምግብነት የሚቀይሩትን ዕፅዋት፣ በተለይም የጓሳ ሣርን፣ ይጻፉ። ከዚያ በላይ አይጦችንና ጭላዳን፣ ከላይ ደግሞ ቀይ ቀበሮንና ንስርን ያስፍሩ።

ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ቀስቱ ነው። «ቀበሮ አይጥን በላ» ስንል በላተኛውን ስለምናስቀድም፣ እጃችንም ቀስቱን ከቀበሮው ወደ አይጡ ይስባል። ቀስቱ የሚያሳየው ግን የኃይሉን ጉዞ ስለሆነ ከተበላው ወደ በላው መሄድ አለበት።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ የከፋ ነው፤ እኔም ፈጽሜዋለሁ። ጓሳ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ሣር በሚነጩ ጭላዳዎች መካከል አንገቱን ደፍቶ በዝግታ ሲራመድ አይቼ፣ ሊበላቸው የመጣ መስሎኝ ከጭላዳ ወደ ቀበሮ ወፍራም ቀስት ሳልኩ። ቀበሮው የመጣው ግን ለአይጥ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ የጓሳ ጥናት እንዳመለከተው፣ ቀበሮዎች በጭላዳ መንጋ መካከል ሆነው ካደረጉት የአይጥ አደን 67 በመቶው ሲሳካ፣ ለብቻቸው ሲያድኑ የተሳካላቸው 25 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ አብረው የታዩትን ሁሉ በቀስት አያገናኙ፤ የቀበሮ ሰገራ ውስጥ የሚገኘው የአይጥ ጠጉርና ጥርስ በዓይን ከታየው ጉርብትና ይልቅ የታመነ ማስረጃ ነው።

ቀጥሎ ቁጥር ይጻፉ። አይጦች ከበሉት ሣር 10,000 ኪሎ ጁል (የኃይል መለኪያ ነው) ቢያገኙ፣ በአካላቸው ገንብተው ለቀበሮ የሚያቆዩት በግምት 1,000፣ ቀበሮው በአካሉ የሚያስቀረው ደግሞ 100 ያህል ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚያልፈው ኃይል አሥር በመቶ ነው የሚባለው ስሌት ማስተማሪያ አማካይ እንጂ ቋሚ ሕግ አይደለም፤ እንዲያውም በጓሳ ብርድ ሰውነታቸውን ለማሞቅ ብዙ ኃይል የሚያቃጥሉ አጥቢዎች ከዚህ ያነሰ ሊያስቀሩ ይችላሉ። ከእያንዳንዱ እንስሳ ወደ ውጭ የሚወጣ የሙቀት ቀስት መጨመርን አይርሱ። በሽታና የመኖሪያ መጥበብ ሳይቆጠሩ እንኳ ቀበሮዎች ከአይጦች በቁጥር እጅግ የሚያንሱት በየደረጃው በሚባክነው በዚህ ኃይል ምክንያት ነው።

በመጨረሻ ሻጋታዎችንና ባክቴሪያዎችን በአንድ ጎን አስቀምጠው፣ ከሁሉም ሙታንና ከሰገራ ቀስት ያምጡላቸው። ከእነርሱ ወደ ሣሩ ግን የኃይል ቀስት አይመልሱ፤ እነርሱም የተቀበሉትን ኃይል በሙቀት መልክ ይለቃሉ። ወደ ሣሩ ሥር የሚመለሱት ናይትሮጅንና ፎስፈረስን የመሳሰሉ ንጥረ ነገሮች ስለሆኑ፣ ከኃይሉ እንዲለዩ በነጠብጣብ መስመር ይሳሏቸው።