የቶዮታ ቪትዝ መሪ ድንገት ሲከብድ፦ ዘንጉን ከመግዛታችሁ በፊት ባትሪውን ለኩ

ከሳሪስ ወደ ጎተራ እየመጣሁ ነበር። ማታ ነው፣ ዝናብ አለ። መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ማሞቂያ፣ ሬዲዮ፣ ሁሉም በርቷል። ማሳለጫው ጋ ለመዞር መሪውን ስጠመዝዝ እምቢ አለኝ። የድሮ ላንድሮቨር የምነዳ መሰለኝ። ቪትዟ መሀል ላይ ያላት ዳሽቦርድ ላይ «ፒ/ኤስ» (P/S፣ የመሪ እርዳታ ማለት ነው) የምትል መብራት ቦግ ብላለች።

በማግስቱ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ኮፈን እንኳ ሳይከፍት «የመሪው ዘንግ ከነሞተሩ ይቀየራል» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ላብ አጠመቀኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በኋላ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አየልኝ፤ ጥፋቱ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ቦዲው የሚሄደው ገመድ፣ እነሱ ማሳ የሚሉት ነበር። ብሎኑ ስር ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሠርቷል። በብርጭቆ ወረቀት አሸነው፣ አጠበቅነው፣ አለቀ።

እንዲህ የሚሆንበትን ምክንያት ካወቃችሁ ግማሹን ፍተሻ ራሳችሁ ትሠራላችሁ። የዘይት መሪ ፓምፑን በቺንጊያ ከሞተር ነው የሚያዞረው። የኤሌክትሪኩ መሪ ግን ዘይትም ቺንጊያም የለውም። መሪው ዘንግ ላይ የተገጠመ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሞተር አለ፣ እጃችሁ ምን ያህል እንደገፋ የሚለካ ሴንሰር አለ፣ ሁለቱን የሚያዝ ኮምፒውተር አለ። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 የተሠራችው የመጀመሪያዋ ቪትዝ በዚህ መንገድ ነው የምትሠራው። ሞተሩ ትንሽ ቢሆንም ሆዳም ነው። መኪናው ቆሞ መሪ ሲዞር 40ና 50 አምፔር ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሲያንስ ሬዲዮው እየዘፈነ፣ መብራቱ እየበራ፣ መሪው ግን ቀድሞ እጅ ይሰጣል። ኮምፒውተሩ ቮልት ሲወርድበት የመሪውን ሞተር ያጠፋና መብራቷን ያበራል።

መጀመሪያ ግን መብራቷን ጠይቋት። ሞተር ሳታስነሱ ቁልፉን ክፈቱ። መብራቷ መብራት አለባት፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ መጥፋት። ጭራሽ ካልበራች ወይ ተቃጥላለች ወይ ሆን ተብሎ ተነቅላለች። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ሰዎች ይቺን አትርሱ፣ ደላላው አያስታውሳችሁም። ሞተር ጠፍቶ መሪው ቢከብድ ብልሽት አይደለም፣ እርዳታው የሚሠራው ሞተር ሲነሳ ነው።

መብራቷ ጤነኛ ሆና፣ ሞተር እየሠራ መሪው ከብዶ እሷ ካልበራች ኤሌክትሪኩን ለጊዜው ተዉት። የፊት ጎማዎችን ነፋስ እዩ፤ በሹፌሩ በር ጎን የተለጠፈው ወረቀት ላይ ልኩ ተጽፏል። ሰፋ ያለ ጎማ ካስገባችሁም መሪ ይከብዳል። ከዚያ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሱ፣ በደንብ ደግፉት፣ ሞተር ጠፍቶ መሪውን በእጅ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ ጠንከር፣ ሌላ ቦታ ላይ ላላ የሚል ከሆነ የመሪው ክሮቸራ (የዘንጉ መተጣጠፊያ) ዝጓል ወይም ደርቋል ማለት ነው። ዙሩን ሙሉ የሚከብድ ከሆነ ከታች ያለውን የመሪ ሳጥን፣ ቴስቲናዎቹን (የመሪውን ዘንጎች ጫፍ መገጣጠሚያዎች)፣ የሾካብሶርበሩን የላይኛውን ኩሽኔታ አስፈትሹ።

ሞተር ተነስቶም መብራቷ ከበራች ወደ ባትሪው። ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ከሌላችሁ ግዙ፣ ርካሹም ለዚህ ይበቃል። መኪናው ካደረ በኋላ ጠዋት፣ ምንም ሳታበሩ ለኩት። ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት ካለ ደህና ነው። ከ12 በታች ከሆነ ባትሪው ወይ ደክሟል ወይ እየሞላ አይደለም። አንድ ሰው ሞተር ሲያስነሳ እያያችሁ ለኩ፤ ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ጉልበት የለውም። ሞተር ከተነሳ በኋላ ከ13.5 እስከ 14.5 መሆን አለበት። አሁን ዋናው ፈተና። መብራቱን፣ ማራገቢያውን፣ የኋላ መስታወት ማሞቂያውን አብሩና ጓደኛችሁ መሪውን ከጫፍ ጫፍ ያዙር፣ እናንተ ቁጥሩን እዩ። ወደ 12 ቮልትና ከዚያ በታች ወርዶ የሚቀር ከሆነ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ጠርጥሩ። የዲናሞ ካርቦን ማለቅ ወይም የላላ ቺንጊያ ይህን ያመጣል።

ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ መሪው አሁንም ከከበደ የእኔ ዓይነት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ቴስተሩን ቮልት ላይ እንዳለ አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው የቦዲ ብረት ላይ አድርጉ። ሞተሩ እየሠራ መሪው ይዙር። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳያችሁ ማሳው እየያዘ አይደለም። ገመዱ ከላይ አዲስ መስሎ ከውስጥ የበሰበሰ ሊሆን ይችላልና በዓይን ብቻ አትፍረዱ። ክረምት ላይ ይህ ብልሽት ይበዛል፣ እርጥበቱ ነው።

ከዚያ ፊውዝ። የመሪው ፊውዝ ትልቅ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮፈን ስር ያለው ሳጥን ውስጥ ነው፣ በክዳኑ ላይ ስሙ ተጽፏል። ቁልፉን ዘግታችሁ ንቀሉት። ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ቀይሩት። ሽቦ አታድርጉበት! አውቃለሁ፣ ሁላችንም አድርገን እናውቃለን፣ ግን ይሄ መብራት አይደለም፤ ገመዱ ቢቃጠል እሳቱ እግራችሁ ሥር ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ ሾርት አለ፣ በቃ ወደ ኤሌክትሪሺያን።

እስካሁን ምንም ካልተገኘ ኮድ ይነበብ። ገበያ ላይ ያለችው ትንሿ ብሉቱዝ ማንበቢያ ብዙውን ጊዜ የሞተርን እንጂ የመሪን ኮድ አታነብም፣ «ኮድ የለም» ብትላችሁ አትመኗት። የመሪን ሲስተም የሚከፍት ስካነር ያለው ጋራዥ ሂዱና ኮዱን ራሳችሁ ጻፉት። በቶዮታ «ሲ15» (C15) ብሎ ይጀምራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ነው ወሬው። 1 ከሆነ የመሪው ሴንሰር ነው። 2 የመሪው ሞተር፣ 3 ኮምፒውተሩ፣ 4 የፍጥነት መረጃ፣ 5 የኤሌክትሪክ አቅርቦት። 5 ይዞ «ዘንግ ይቀየር» የሚላችሁን ሰው ትታችሁ ሂዱ። 4 ከሆነና የፍጥነት መቁጠሪያውም አልሠራ ካለ ሴንሰሩ ወይም ገመዱ ነው፣ መሪው ጤነኛ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ጠባብ ቦታ ላይ እየተመላለሳችሁ ስታቆሙ፣ በተለይ መሪውን እስከ ጫፍ ጠምዝዛችሁ ከያዛችሁት፣ የመሪው ሞተር ይግልና ኮምፒውተሩ እርዳታውን ይቀንሳል። ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ጫፍ ላይ ስትደርሱ ትንሽ መልሱት። ያለ ምክንያት በየቀኑ የሚሆን ከሆነ ግን፣ ወይም ዘንጉን መታ ሲያደርጉት የሚነቃ ከሆነ፣ የመሪው ሞተር ካርቦን እያለቀ ሊሆን ይችላል።

መሪው ከብዶ መንዳት ይቻላል? ይቻላል፣ ዘንጉ ከጎማዎቹ ጋር በብረት የተያያዘ ነው። ሲንቀሳቀስ ቀለል ይላል፣ ቆሞ ሲዞር ነው ክንድ የሚበላው። ቀስ ብላችሁ ወደ ቤት ግቡ። ነገር ግን መሪው የሚላላ፣ የሚንኳኳ ከሆነ አትንዱት፣ አስጎትቱት። በራሱ ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ደግሞ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ጎማው ደህና ከሆነ ሞተር አጥፍታችሁ የመሪውን ፊውዝ ንቀሉ። ያለ ፊውዝ መሳቡን ካቆመ ሴንሰሩ ነው፣ ከባድ ግን ታዛዥ መሪ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ካላቆመ ጥፋቱ ከታች ነውና አሁንም አስጎትቱት።

አሜሪካ ያላችሁ አሮጌ መኪና ነጂዎች ከራሳችሁ ኪስ ከማውጣታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥራችሁን በአገሪቱ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገቡት። ጀነራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ2010 እንደ ኮባልት ያሉ መኪኖችን፣ በ2014 ደግሞ ሌሎችንም ጨምሮ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጉ መኪኖችን በዚሁ በኤሌክትሪክ መሪ ምክንያት ጠርቷል።

ዘንጉ በእርግጥ ከሞተ አብዛኛው ሰው ያገለገለ ይገዛል፣ ከሶማሌ ተራም ይሁን ከሌላ ቦታ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ዘንጉ ላይና ኮምፒውተሩ ላይ የተለጠፉት ቁጥሮች አንድ ካልሆኑ «ይገባል ይገባል» ሲሏችሁ አትስሙ። መግባቱማ ይገባል፣ መሥራቱ ነው ጥያቄው። ካልሠራ እንደሚመልሱላችሁ ሳትከፍሉ ተነጋገሩ። መሪው ላይ ኤርባግ ስላለ የሚፈታው ሰው ባትሪውን ነቅሎ ቢያንስ 90 ሰከንድ ይጠብቅ። ከተገጠመ በኋላ ጎማውን ቀጥ አድርጎ ሴንሰሩን በስካነር ዜሮ ማድረግ አለበት። ይህ ካልተደረገ መሪው በአንድ በኩል ቀሎ በሌላው ይከብዳል፣ ከዚያ «የገዛሽው ዕቃ ነው» ይባላል። ስካነሩ ሲሰካ አጠገቡ ቁሙ።