ሚጅት፣ ስፒትፋየርና ዘመዶቻቸው፦ ምልክቱ ወዲህ፣ በሽታው ወዲያ

ኦስቲን ሂሊ ስፕራይት የተባለችው ትንሽ ክፍት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና በፈረንጆቹ 1958 ስትወጣ ሞተሯ 948 ሲሲ፣ ጉልበቷ 43 ፈረስ ብቻ ነበር። ኤምጂ ሚጅት በ1961፣ ኤምጂቢና ትራያምፍ ስፒትፋየር ደግሞ በ1962 ተከተሏት። በርካሽ እንዲሸጡ ታስበው ስለተሠሩ ብዙው አካላቸው ከተራ የቤት መኪና የተዋሰ ነው። ስፕራይት ሞተሯን ከኦስቲን ኤ35፣ መሪዋን ከሞሪስ ማይነር ወሰደች፤ ስፒትፋየር ደግሞ በሄራልድ ሻንሲ ላይ ቆመች። ይህ ለሚጠግን ሰው በረከት ነው። ኮምፒውተር የለ፣ ሴንሰር የለ፤ ኮፋኖው ሲከፈት ሁሉም ነገር እጅ ይገባል።

እኔ እንግሊዝ አገር ስኖር መጀመሪያ ሚጅት፣ ኋላም ስፒትፋየር 1500 ነበረችኝ። በ60 ኪሎ ሜትር እየሄዳችሁ 120 የምትበሩ የሚመስላችሁ፣ የጭነት መኪና ጎማ ከጆሯችሁ እኩል የሚሽከረከርባት፣ ሌላ እንደሷ ያለች መኪና የሚነዳ ሰው ሲያልፍ እጁን የሚያነሳላችሁ መኪና ናት። ሰው ተማሮባቸው የሚሸጣቸው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚበላሹ ሳይሆን፣ ምልክቱ በታየበት ቦታ ብቻ በሽታውን ስለሚፈልግ ነው። ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) የተወቀሰበት ጥፋት ዲስትሪቢዩተር (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ውስጥ ይገኛል፤ በሩ አልገጥም ያለው ከበሩ ታች ባለ ላሜራ ምክንያት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን በዚህ ዓይን እዩልኝ።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን የመፍቻ ነገር። እነዚህ መኪናዎች በኢንች ነው የተሠሩት። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ የ13 መፍቻ የገባ ይመስላል፤ ጠንከር ያለ ዳዶ ላይ ሲደርስ ግን ተንሸራቶ ጠርዙን ይበላዋል። የኢንች መፍቻ ሳይኖራችሁ አንድም ቡሎን አትንኩ።

ቁልፍ ሲዞር ከኋላ ድምፅ የለም

ኤምጂቢና 1275 ሲሲዋ ሚጅት ቤንዚን የሚስቡት ኤስዩ በተባለ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነው። ቁልፉ ሲዞር ከኋላ በኩል ጠቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ካርቡራተሮቹ ሲሞሉ ዘግየት ዘግየት ይልና ዝም ይላል። በብርድ ጠዋት ይህን ድምፅ መስማት ደስ ይል ነበር፤ ዛሬም ይናፍቀኛል።

ዝም ካለ አብዛኛውን ጊዜ ፓምፑ አልሞተም። ውስጡ ያሉት መገናኛ ነጥቦች ቆሽሸዋል ወይም ወደ ሻንሲው የሚሄደው የግራውንድ ሽቦ ዝጓል። መንገድ ላይ ከሆናችሁ በእንጨት ቀስ አድርጎ ማንኳኳት ቤት ያደርሳል። ቤት ስትደርሱ ባትሪውን ነቅላችሁ መጀመሪያ ግራውንዱን አጽዱ፤ ከዚያ የፓምፑን ክዳን ፈትታችሁ ነጥቦቹን በስስ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጉ። አዲስ ፓምፕ መግዛት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ሳያቋርጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ወይ ቤንዚን አልቋል፣ ወይ ከፓምፑ በፊት አየር ይስባል፣ ወይ ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው መርፌ ተጣብቆ ቤንዚኑ ወደ ውጭ እየፈሰሰ ነው። የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ካርቡራተሩና የጋለው የጭስ መውጫ በአንድ ጎን፣ አንዱ ከሌላው በላይ ናቸው። ቤንዚን ከሸተታችሁ ወዲያው አጥፉ። በእንግሊዝ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ የተለመደው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ስላለበት የድሮ የጎማ ቱቦዎችን ያበሰብሳል፤ ኢታኖል በሚችል ቱቦ መቀየር ከሁሉም ጥገና በፊት የሚደረግ ነው።

ስፒትፋየር ሞተሩ ጎን ላይ በካምሻፍት የሚገፋ ፓምፕ ስላላት የኤሌክትሪክ ፓምፑ ጣጣ አይመለከታትም።

ሞተሩ ይንተፋተፋል

ሁሉም ሰው መጀመሪያ ካርቡራተሩን ይፈታል። አትፍቱ። መንትያዎቹ የኤስዩ ካርቡራተሮች ውስጣቸው እጅግ ቀላል ነው፤ ሰው ካልነካካቸው በራሳቸው ከመስመር የሚወጡት አልፎ አልፎ ነው። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ቀለማቸውን እዩ፤ ከዚያ የቫልቭ ክፍተት፣ ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩ ነጥቦች (እሳቱን የሚቆራርጡት መገናኛዎች)፣ ከዚያ የእሳቱ ጊዜ። ካርቡራተሩ መጨረሻ ላይ ነው።

የሚጅትና የስፕራይት ኤ ሲሪስ ሞተር ቫልቭ ክፍተት 0.012 ኢንች፣ ማለትም 0.30 ሚሊሜትር ነው። ስምንት ቫልቭ ስላለ ዘጠኝን አስታውሱ፦ 8ኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1ኛውን ለኩ፣ 7ኛው ሲከፈት 2ኛውን፣ እንዲህ እያለ ድምሩ ዘጠኝ። የነጥቦቹ ክፍተት 0.015 ኢንች ነው። ዲስትሪቢዩተሩን ከፍታችሁ ሳለ ነጥቦቹ የተቀመጡበትን ሳህን ከአካሉ ጋር የምታገናኘውን አጭር፣ ለስላሳ ሽቦ ፈልጉ። ሳህኑ በእያንዳንዱ የጋዝ መርገጥ ትንሽ ስለሚዞር ሽቦዋ በዓመታት ውስጥ በጨርቅ ሽፋኗ ሥር ትበጠሳለች። በዓይን ደህና ትመስላለች፤ በጣት ስትነካ ግን ሁለት ሆና ትገኛለች። በዚህች ሽቦ ምክንያት ስንት ካርቡራተር በከንቱ ተፈትቷል!

ሁሉም ደህና ሆኖ ጋዝ ሲሰጣት የምታንቅ ከሆነ፣ ያኔ ወደ ካርቡራተሩ። የላይኛውን ክዳን ፈትታችሁ ዘይቱን እዩ። 20 ቁጥር ዘይት፣ ካርቡራተሩ ውስጥ ከሚወጣና ከሚወርደው ፒስተን ክፍት ዘንግ አፍ ወደ 13 ሚሊሜትር ከፍ ብሎ መቆም አለበት። ዘይት ከሌለ ፒስተኑ ቸኩሎ ስለሚነሳ ድብልቁ ይሳሳል፤ ማነቋ ከዚህ ነው። ጥገናው አንድ ማንኪያ ዘይት ነው። ቀጥሎ ፒስተኑን በጣት አንስታችሁ ልቀቁት፤ ጥርት ባለ ድምፅ ቋ ብሎ ካልወደቀ ቆሽሿል ወይም ታች ያለው መርፌ መሐል አልያዘም።

ድብልቁን ለማወቅ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ፒስተኑን አንድ ሚሊሜትር እንኳ በማትሞላ አንሱት። ፍጥነቱ ጨምሮ በዚያው ከቆየ ቤንዚን በዝቷል፤ ሞተሩ ሊጠፋ ካለ አንሷል፤ ለአፍታ ከፍ ብሎ ወዲያው ከረጋ ልክ ነው።

ሁለቱን ካርቡራተሮች ማመጣጠንን ያስተማረኝ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ነበር። ግማሽ ሜትር የጎማ ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን ካርቡራተሩ አፍ ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ወደ ሁለተኛው ያዛውራል። ጠመንጃ መፍቻውን ፀጉር በምታህል ያዞራል፤ እንደገና ያዳምጣል። ሁለቱ የአየር ሽውታዎች እኩል ሲሆኑ፣ ያ ሲያንቀጠቅጠን የነበረው ሞተር ድንገት ይረጋል። ለዚህ የሚሸጥ መለኪያ አለ፤ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ከሌላችሁም ጆሮ ይበቃል።

ሃያ ደቂቃ ሄዳ ትጠፋለች፣ ስትበርድ ትነሳለች

ብዙ ሰው ቤንዚኑ በሙቀት ተነነ ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ኮንደንሰር ወይም ቦቢናው ነው፤ ሲሞቁ ይከዳሉ፣ ሲበርዱ ይሠራሉ። ስትጠፋ ወዲያው አንድ ካንዴላ አውጥታችሁ ብልጭታውን እዩ። ብልጭታው ደካማና ቢጫ ከሆነ ቤንዚኑን ተዉት፤ መጀመሪያ ኮንደንሰር፣ ካልሆነ ቦቢና ቀይሩ። ዛሬ የሚሸጡ ርካሽ ኮንደንሰሮች ከሳጥን ሲወጡ ጀምሮ የተበላሹ ሊሆኑ ስለሚችሉ አሮጌውን ቶሎ አትጣሉ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ሮተርም ላይ መሐሉ በሪቬት የተመታውን ትታችሁ ሪቬት የሌለውን ምረጡ፤ እሳቱ በሪቬቷ በኩል ወደ ታች ያመልጣል።

መብራቱ ደብዛዛ ነው፤ ፍሬቻ ሲበራ ሌላው ይርገበገባል

የእነዚህን መኪናዎች የኤሌክትሪክ ዕቃ የሠራውን የበርሚንግሃሙን ሉካስን እንግሊዞች የጨለማው ልዑል እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ያስቃል፣ ፍርዱ ግን ትክክል አይመስለኝም። ሃምሳ ዓመት ዝናብ የበላው ማገናኛ ማንም ይሥራው ማን ይዝጋል። አንድ መብራት ሲበራ ሌላው ከተርገበገበ ኤሌክትሪኩ መመለሻ አጥቶ በጎረቤቱ አምፖል በኩል እየሄደ ነው፤ የአምፖሉን ቤት አውጥታችሁ ከላሜራው ጋር የሚነካበትን ቦታ እስኪያበራ ጥረጉ። የጥይት ቅርጽ ያላቸውን ማገናኛዎች አንድ በአንድ ነቅላችሁ አጽዱ። የፊት መብራቱ ኃይል ሁሉ በማብሪያው ውስጥ ስለሚያልፍ ሪሌ (ከባዱን ኃይል በራሱ የሚያሳልፍ ማብሪያ) ብትጨምሩለት ለውጡን ያኔውኑ ታያላችሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ፖዘቲቩ ነው ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው። ኤምጂቢ ወደ ኔጌቲቭ የዞረችው በ1967 መጨረሻ ነው። ሬዲዮ ወይም የስልክ ቻርጀር ከመግጠማችሁ በፊት የትኛው የባትሪ ገመድ ወደ ሻንሲው እንደሚሄድ በዓይናችሁ እዩ።

ስትነሳና ስትቆም ቋ የሚል ድምፅ

የሽቦ ቸርኬ ያላት ከሆነች የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የቸርኬውና የማዕከሉ ጥርስ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሱ፤ አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፤ እናንተ ጎማውን ወዲያና ወዲህ አዙሩ። ማዕከሉ ቆሞ ቸርኬው ከተንቀሳቀሰ ጥርሱ ተበልቷል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየር ነው። አዲስ ቸርኬ ብቻ ካስገባችሁ አሮጌው ማዕከል ይበላዋል። ደህና ከሆነ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱ።

መሐል ያለውን ክንፋማ ዳዶ ስትፈቱ ከላይ በኩል ወደ መኪናዋ ፊት፣ ስታጠብቁ ወደ ኋላ ምቱ፤ በሁለቱም ጎን እንዲሁ ነው። የግራውን ማዕከል ቀኝ የገጠመ ሰው ጎማው እየሄደ ይፈታበታል።

መሪው ከብዷል

ይህን አታሳድሩት። ሚጅት ላይ የፊት እግሯ ኪንግፒን (ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርበት ምሰሶ) ግራሶ ተርቧል፤ በየ1,000 ማይሉ ግራሶ ስጡ፤ ስትሰጡም ጎማውን አንስታችሁ ይሁን። ስፒትፋየር ላይ ግን ግራሶ ስህተት ነው። ታችኛው ትራኒየን ጥርስ ያለው ዘንግ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ ነው፤ የሚፈልገው የማርሽ ዘይት፣ 90 ቁጥር ነው። ግራሶ ጥርሱ ውስጥ ወርዶ አይደርስም፤ ውሃ ይገባና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። አንድ ቀን ዘንጉ ይቆረጥና ጎማው ከመኪናዋ ሥር ይታጠፋል። የገዛችኋት ስፒትፋየር ቀድሞ ምን እንደተሰጣት ካላወቃችሁ ፈትታችሁ እዩ። ሙሉው ሥራ የአንድ ቅዳሜ ነው።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል

ስፒትፋየር ላይ ሰው ፍሪሲዮኑን ይጠረጥራል። ኮፋኖውን ክፈቱ፤ ሌላ ሰው ፍሪሲዮን ይርገጥና ይልቀቅ፤ እናንተ የሞተሩን የፊት ፑሌጃ እዩ። በዓይን የሚታይ ወደፊትና ወደኋላ መንሸራተት ካለ ክራንክሻፍቱን የሚይዙት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሮንዴላዎች አልቀዋል። ቶሎ ከተደረሰ የዘይት ገንዳውን አውርዶ፣ ሞተሩ በቦታው ሳለ መቀየር ይቻላል፤ ቦይ ያለበት ፊት ወደ ክራንክሻፍቱ ይዙር። ከዘገየ ሮንዴላዎቹ ገንዳ ውስጥ ይወድቁና ሞተሩ ራሱን መፍጨት ይጀምራል።

ሚጅት ላይ ሌላ ታሪክ ነው። የፍሪሲዮኗ መግፊያ ኩሽኔታ ሳይሆን ካርቦን ስለሆነ ቀይ መብራት ላይ ረግጦ መጠበቅ ይጨርሰዋል። ማርሹን አውጡና እግራችሁን አንሱ፤ ለመቀየር ሞተሩ ጭራሽ መውጣት አለበትና። የስፒትፋየር ካምቢዮ ግን በወንበሮቹ በኩል ይወጣል፤ ሰፈር እያየ እየሳቀ።

ሙቀት ጨመረ

ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳን፣ ዘግይቶ የሚቃጠል እሳት፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ካልሆነ ሞተሩ ውስጥ ከታች የተጋገረ ዝቃጭ ነው፤ ማፍሰሻውን ከፍታችሁ ምንም ካልወጣ በሽቦ ወጉት።

በሩ አልዘጋ አለ

በሩን አትንኩ፣ ማጠፊያውንም አታላሉ። ሚጅት፣ ስፕራይትና ኤምጂቢ የተለየ ሻንሲ የላቸውም፤ ጣራ በሌለበት መኪናዋን መሐሏ ላይ የሚይዟት ከበሩ ሥር ያሉት ደፎች ናቸው። በሩን ከፍታችሁ ወገቧን በክሪክ ትንሽ አንሱና ክፍተቱን እዩ። ከተለወጠ ደፉ ውስጡ አልቋል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አስሂዱ፤ የማይይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው። የኋላ ባሌስትራ የሚታሰርበትንም ቦታ እንዲሁ። ስፒትፋየር ሻንሲ ስላላት ትንሽ ትሻላለች።

ብየዳ ሲጀመር በሮቹ ቦታቸው ላይ ሆነው፣ የበሩ አፍ በብረት ዘንግ ታስሮ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ይቆረጥ። ሁለቱን ደፍ በአንድ ቀን ቆርጦ የጣለ ሰው መኪናዋን ሳይሆን ቅርጿን ነው የሚያጣው። ለመግዛት ሁለት ቀርበውላችሁ አንዷ ሞተሯ የሞተ ግን ላሜራዋ ጤነኛ ከሆነች፣ ሌላዋ ሞተሯ የሚዘፍን ግን በሯ በትከሻ የሚገፋ ከሆነ፣ የመጀመሪያዋን ውሰዱ።

መሬት ላይ ዘይት

የኤ ሲሪስ ሞተር የኋላ ጫፍ የጎማ ማኅተም የለውም፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ የሚመልሰው ጠመዝማዛ ቦይ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትቆም ጥቂት ጠብታ ይኖራል። ካርቶን ከሥር አንጥፉ፣ በየሳምንቱ የዘይት መለኪያውን እዩ። ጠብታው ክብ ኩሬ መሥራት ከጀመረ ከሞተሩ ወደ ማስተንፈሻ የሚሄደው ቱቦ ተደፍኖ እንደሆነ አጣሩ።