ክፍልፋይ ወደ አስርዮሽ ሲቀየር፦ የተሳሳተው መልስ ስህተቱን እንዴት ይጠቁማል?

ሕጉ አንድ መስመር ነው፦ ላዕሉን (የላይኛውን ቁጥር) ለታህቱ (ለታችኛው) ማካፈል። 3/8 ማለት 3 ÷ 8 ነው፤ ውጤቱም 0.375። መርካቶ የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ፣ ፒያሳ ወርቅ የሚያስመዝን ደንበኛ፣ አራት ኪሎ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ፣ ሁሉም የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። የመሳሳቻው መንገድ ግን ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም ስህተት የራሱ መለያ ያለው ቁጥር ያወጣል። ስለዚህ መልሱ አላምር ሲላችሁ ወዲያው አጥፍታችሁ እንደ አዲስ አትጀምሩ፤ የወጣውን ቁጥር መርምሩት።

ከማካፈላችሁ በፊት ግምት ያዙ። ላዕሉ ከታህቱ ካነሰ መልሱ ከ1 በታች መሆን አለበት። ከታህቱ ግማሽም ካነሰ ከ0.5 በታች ይሆናል። በ3/8 ላይ የ8 ግማሽ 4 ነው፤ 3 ከ4 ስለሚያንስ መልሱ 0.5 አይሞላም። ይህን ለማየት ወረቀትም ካልኩሌተርም አያስፈልግም።

ምልክት፦ ክፍልፋዩ ከአንድ ያነሰ ሆኖ መልሱ ከ1 በላይ ወጣ

3/4 1.333 ሆኖ ከመጣ 4ን ለ3 አካፍላችኋል። ልጆች ላይ ይህ የሚበዛው በታችኛው ክፍል ያካፈሉት ሁሉ ትልቁን ለትንሹ ስለነበር ነው፤ ትንሽ ቁጥር ለትልቅ እንደሚካፈል ገና አላመኑም። መፍትሄው አካሄዱን ማሳየት ነው። 3 ውስጥ 4 ስለሌለ 0 ጻፉና ነጥብ አድርጉ። ለ3 ዜሮ ጨምሩለት፦ 30 ለ4 ሲካፈል 7 ደርሶ 2 ይቀራል። ለ2ም ዜሮ ጨምሩ፦ 20 ለ4 እኩል 5 ይደርሳል። መልሱ 0.75። በካልኩሌተር ገልብጣችሁ ከሆነ ደግሞ 1ን ለወጣው ቁጥር ብታካፍሉ ትክክለኛው ይመጣል።

ምልክት፦ አኃዞቹ ልክ ናቸው፣ መልሱ ግን አሥር እጥፍ ነው

ከሁሉም በላይ ልትጠነቀቁት የሚገባው ይህ ነው፤ የተሳሳተው መልስ ደህና ቁጥር ይመስላልና። 1/16 ስታካፍሉ 10 ውስጥ 16 የለም። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ሌላ ዜሮ ጨምሮ 100 ያደርገውና 6፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 5 ጽፎ 0.625 ይላል። ትክክለኛው 0.0625 ነው። 0.625 ደግሞ የ5/8 መልስ ስለሆነ ጥርጣሬ አያጭርም። በኢንች ብታዩት 1/16 ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር፣ 5/8 ወደ 15.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ የላሜራና የወፍራም ብረት ልዩነት ማለት ነው።

ምክንያቱ በድርሻው ውስጥ የተዘለለ ዜሮ ነው። ከነጥቡ በኋላ ወደ ታች ለምታወርዱት ለእያንዳንዱ ዜሮ ድርሻው ላይ አንድ አኃዝ መጻፍ አለበት፤ የማይደርስ ከሆነም 0 ጻፉ። በ1/16 ላይ የወረዱት ዜሮዎች አራት ናቸው፤ ከነጥብ በኋላ ያሉት አኃዞችም አራት መሆን አለባቸው። ቆጥራችሁ ካልተመጣጠነ የጎደለው እዚያ ነው። መሀል ላይም ያጋጥማል፦ 21/20 1.05 ነው፣ 1.5 አይደለም።

ምልክት፦ 3/8 3.8 ወይም 0.38 ሆነ

የክፍልፋዩ ሰረዝ እንደ ነጥብ ተቆጥሯል። በዲጂታል ሚዛን ላይ ሩብ ኪሎ ቡና 0.250 ነው፤ 1/4ን አይቶ 0.14 ድረስ የሚሞላ ሰው 140 ግራም ብቻ ይሰፍራል።

ምልክት፦ ድብልቅ ቁጥር ስታስገቡ እንግዳ መልስ መጣ

1 ከ1/2 ኢንች ለማስላት 11/2 ብላችሁ ካስገባችሁ 5.5 ይመጣል፤ ይህ ወዲያው ያስታውቃል። የሚያታልለው 2 ከ3/8 ነው። ተጠጋግቶ ሲጻፍ 23/8 ይሆንና 2.875 ይሰጣል፤ ትክክለኛው 2.375 ነው። ልዩነቱ ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ሚሊ ሜትር። ሙሉ ቁጥሩን ለብቻ አስቀምጡት፣ ክፍልፋዩን ብቻ አካፍሉ፣ መጨረሻ ላይ ደምሩ፦ 2 + 0.375።

ምልክት፦ ማካፈሉ አላልቅ አለ

እዚህ ላይ ስህተት ላይኖር ይችላል። መጀመሪያ ክፍልፋዩን አቃልሉ፤ ከዚያ ታህቱን ተመልከቱ። ታህቱ በ2 እና በ5 ብቻ እየተካፈለ 1 ላይ ከደረሰ አስርዮሹ ያልቃል፤ 3፣ 7 ወይም 11ን የመሰለ ሌላ አካፋይ ከቀረበት አያልቅም። 6/15 ታህቱ ውስጥ 3 ያለበት ይመስላል፤ ሲቃለል ግን 2/5 ነውና 0.4 ብሎ ያበቃል። 7/12 አይቃለልም፤ 12 ውስጥ 3 ስላለ 0.58333... እያለ ይቀጥላል። በእጅ ስታካፍሉ ቀሪዎቹን ጎን ለጎን ጻፉ፤ አንድ ቀሪ ተመልሶ በመጣ ቁጥር አኃዞቹም መደጋገም ይጀምራሉ። 1/7 ከስድስት አኃዝ በኋላ ይዞራል፦ 0.142857 142857...

ችግሩ የሚመጣው የማያልቀውን ቀድሞ በመቁረጥ ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱ ውስጡ ካለ ዋጋ 15 በመቶውን ለይቶ ማውጣት ማለት ዋጋውን በ15/115፣ ሲቃለል በ3/23፣ ማባዛት ነው። 3/23 0.130434... እያለ አያልቅም። 0.13 ብላችሁ ከቆረጣችሁት ከ1,150,000 ብር ላይ 149,500 ይወጣል፤ ትክክለኛው 150,000 ነው። 500 ብር የጠፋው በማጠጋጋት ብቻ ነው። መፍትሄው ክፍልፋዩን እስከ መጨረሻው ይዞ መሄድ ነው፦ መጀመሪያ በ3 አባዙ፣ ከዚያ ለ23 አካፍሉ፣ ማጠጋጋቱን ሳንቲም ላይ ስትደርሱ አድርጉት።

ወርቅም ላይ እንዲሁ ነው። ካራት ከ24 የሚወሰድ ክፍልፋይ ነው፦ 18 ካራት 18/24 = 0.750፣ 21 ካራት 21/24 = 0.875። ቀለበቱ ላይ 750 ወይም 875 የሚለው ማኅተም ይኸው ነው። 22 ካራት ግን 0.91666... ስለሆነ ማኅተሙ 916 ይላል። 14 ካራት በስሌት 0.58333 ሆኖ ሳለ የተለመደው ማኅተም 585 ነው፤ ይህ የንጽሕና ደረጃ እንጂ የእናንተ ስህተት አይደለም። 22 ካራትን 0.92 ብላችሁ 50 ግራም ላይ ብታሰሉ ንጹሑ ወርቅ 46 ግራም ይመጣል፤ በ11/12 ሲሰላ 45.83 ነው። በወርቅ ዋጋ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ምልክት፦ አስርዮሹ ልክ ነው፣ ዕቃው ግን አልገጠመም

1/2 ኢንች 0.5 × 25.4 = 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ምንም ስህተት የለም። የግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧን በካሊፐር ብትለኩት ግን ውጩ ወደ 21.3 ሚሊ ሜትር ነው። የቧንቧ ኢንች መጠሪያ እንጂ የውጭ ልኬት አይደለም። የሩብ ጎደሎ (3/4) ቧንቧ ውጭ ወደ 26.9፣ የአንድ ኢንች ወደ 33.7 ነው። ፒፒአር ፕላስቲክ ቧንቧ ደግሞ የሚጠራው በውጭ ሚሊ ሜትሩ ነው፤ 20 የግማሽ ኢንች፣ 25 የ3/4፣ 32 የአንድ ኢንች ምትክ ሆኖ ይሠራል። ለቧንቧ ሲሆን አትቀይሩ፤ መጠሪያውን ተናገሩ።

ብሎን ላይ በተቃራኒው መቀየር ይጠቅማል። 3/4 መፍቻ 19.05 ስለሆነ 19 ቁጥር ይተካዋል፤ 5/16ም 7.94 ነውና 8 ቁጥር ይይዛል። 9/16 ግን 14.29 ነው፤ 14 አይገባም፣ 15 ደግሞ ሰፍቶ የብሎኑን ጠርዝ ይበላል።

ምልክት፦ የሰዓት ክፍያ ጎደለ

8 ሰዓት ከ20 ደቂቃ 8.20 ተብሎ ተባዝቷል። ሰዓቱ 60 ደቂቃ ስለሆነ 20/60 = 1/3፤ በአስርዮሽ 8.333... ነው። በሰዓት 90 ብር ለሚከፈለው ሠራተኛ 8.20 ሲባዛ 738 ብር፣ በትክክል ሲሠራ 750 ብር። በ26 የሥራ ቀን 312 ብር ከላብ አደሩ ኪስ ይወጣል። ደቂቃውን ሁልጊዜ ለ60 አካፍሉ።

ምልክት፦ መሣሪያው አስርዮሽ አልሰጠም

አንዳንድ የካሲዮ ሳይንሳዊ ካልኩሌተር 3÷8 ስትሉት 3/8 ብሎ ይመልሳል፤ «ኤስ⇔ዲ» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ 0.375 ይሆናል። ኤክሴል ላይ 3/8 ብሎ መጻፍ ደግሞ ቀን ያደርገዋል። ቅርጹን ወደ «ጄኔራል» ስትመልሱት ከ45 ሺህ በላይ የሆነ ቁጥር ይታያል፤ የጻፋችሁት ክፍልፋይ ሴሉ ውስጥ የለም። ቅርጹ «ጄኔራል» መሆኑን አረጋግጡና =3/8 ብላችሁ እንደገና ጻፉ፤ ቅርጹ ቀን እንደሆነ ከቀረ ቀመሩ ልክ ሆኖም የሚታየው ቀን ነው።