ደሴ ላይ አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ላሊበላን ለማየት በመኪና የሚሄድ ሰው ደሴን ማደሪያ ያደርጋታል። ማታ ይገባል፣ ንጋት ላይ ይወጣል። እኔ የሄድኩበት የጉብኝት አውቶቡስ ግን አንድ ሙሉ ቀን ሰጠን፤ እስከ አሥር ሰዓት። ደሴ ደግሞ የተማርኩባት ከተማ ናት። ከተማዋንም የድሮ ጓደኞቼንም በአንድ ቀን አገኛለሁ ብዬ ወረድኩ። ያበላሸሁትን ልንገራችሁ።

ሰርፕራይዝ

ለማንም አልደወልኩም። በራቸው ላይ ድንገት ቆሜ ላስደነግጣቸው ነበር ሐሳቤ። አንዱ ኮምቦልቻ ሥራ ላይ ነው። አንዷ ለቅሶ ሄዳለች። ሌላው ስልኩን ቀይሯል። ጠዋቱ ፒያሳ ቆሜ ስልክ ስነካካ አለቀ። የወሎ ሰው ቀድሞ ካወቀ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ካላወቀ ግን እሱም ኑሮ አለው። ከሁለት ቀን በፊት ደውሉ፤ የመንገዱንም ሁኔታ በዚያው ጠይቁ።

ከተማው ለብቻ፣ ጓደኛ ለብቻ

ዕቅዴ እስከ ምሳ ጉብኝት፣ ከምሳ በኋላ ወሬ ነበር። ስህተት ነው። እዚያው አድገው አይጠየፍን ከአጥር ውጭ ብቻ የሚያውቁ ስንት አሉ መሰላችሁ! አብራችሁ ሂዱ።

አይጠየፍ የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ሀብታም ደሃ ሳይል፣ ማንንም ሳይጠየፍ ያበላ ነበር ማለት ነው። ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 1909 ላይ በሰገሌ ጦርነት ተሸነፉ። ይህንን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስንማር አንቀላፍቼበታለሁ። ከኮምቦልቻ ፈቃድ ለምኖ ከመጣው ጓደኛዬ ጋር አዳራሹ ደጃፍ ቆሜ ስሰማው ግን ሌላ ሆነ። እሱ ስለ ንጉሡ ጀምሮ ስለ ሒሳብ አስተማሪያችን ጨረሰ። አስጎብኚ ይህን አይነግራችሁም።

ሁሉንም ልይ ማለት

ቦሩ ሜዳም አለ፤ አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት። ሐይቅ እስጢፋኖስም አለ፤ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአንድ ቀን ሁሉም አይሆንም። ሐይቅን ከመረጣችሁ ደግሞ ሴቶች ወደ ገዳሙ እንደማይገቡ ቀድማችሁ ዕወቁ። በተማሪነታችን ወንዶቹ ገብተው እኛ ውጭ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ የዋልነውን አልረሳውም።

ሹራብ መርሳትም ስህተት ነው። ኮምቦልቻ ሞቋችሁ የሐረጎን ዳገት ከወጣችሁ በኋላ የጦሳ ተራራ ጉሙን ሲለቅባችሁ ትረዱኛላችሁ።

"ግብዣው በእኔ ነው!"

አልኩና ለሁሉም ጥብስ አዘዝኩ። አንዱ ቀስ ብሎ "የሙስሊም ነው?" አለ። አልነበረም። ከለቅሶ የመጣችው ደግሞ "ረቡዕ እኮ ነው" አለችኝ። አዲስ አበባ ረጅም ዓመት መኖር እንዲህ ያደርጋል። በወሎ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ገበታ ይቀመጣል፤ የሚቀመጠው ግን አንዱ የሌላውን ስለሚያውቅ ነው። በያይነቱ አዳነን።

አቦል ጠጥቶ መነሳት

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ከምሳ በኋላ የጓደኛዬ እናት ቤት ሄድን። እጣኑ ጨሰ፣ ረከቦቱ ቀረበ። አቦሉን ጠጣሁና ሰዓቴን አየሁ። እማማ አዩኝ።

"በረካውን ጥለሽው ልትሄጂ ነው ልጄ?"

አፍሬ ተቀመጥኩ። ደግነቱ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ጠዋት ሌላ ጥፋት ሠርቼ ነበር። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ "በጦርነቱ እንዴት ሆናችሁ?" ብዬ ጓደኛዬን ጠይቄው "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ዘጋኝ። "ሙዚየሙን እንይ" ስለውም "ያኔ ተዘርፏል እኮ" አለና ወሬ ቀየረ። ጥቅምት 2014 ላይ ጦርነቱ ከተማዋ የገባ ጊዜ ነው። ይህን እንደ ዜና አይጠይቁም። ቶናው ተጠጣ፣ ማንም አላነሳውም። በረካው ላይ፣ ሲኒው እጁ ላይ እንዳለ፣ ራሱ ጀመረ። ቤቱን ዘግቶ በሌሊት በእግር እንደወጣ፣ እናቱን እንዴት እንዳሸሸ፣ ሲመለስ በሩ ተሰብሮ እንዳገኘው። ማናችንም አላቋረጥነውም። እማማ ብቻ ከሰሉን ነካ ነካ ያደርጉ ነበር።

ሽኝትን አለመቁጠር

አሥር ሰዓት የሚነሳ አውቶቡስ ካላችሁ ለጓደኞቻችሁ ዘጠኝ በሉ። ደኅና ሁኑ ተብሎ ይቆማል፣ በር ላይ ሌላ ወሬ ይጀመራል፣ ዳቦ ይጠቀለላል፣ ከዚያ ምርቃቱ አለ። እኔ አሥር ብዬ ስለነበር ሁሉም እስከ አውቶቡሱ ተከተሉኝ፣ እማማም ጭምር። ሾፌሩ ክላክሱን ሲያንባርቀው እጃችንን ዘርግተን ገና "አሚን" እያልን ነበር።