ሸለምጥማጥ የማይደፍረው የዶሮ ቤት

ጎንደር አዘዞ ግቢዬ ውስጥ የሠራሁት የመጀመሪያው የዶሮ ቤት ግድግዳው ደህና ነበር። ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት በሩን ስከፍት ግን ከዶሮዎቼ አራቱ የሉም፤ ላባና ደም ብቻ። ሸለምጥማጡ የሾለከው በጣሪያው ቆርቆሮና በግድግዳው መሀል፣ ጭብጤ እንኳ በማያልፍበት ክፍተት ነው።

በንዴት ዙሪያውን በቆርቆሮ ደፈንኩት። ሳምንት አልቆየም፣ ጠዋት በሩ ሲከፈት የኩሱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል፤ ዶሮዎቹም ያንኮራፉ ጀመር። ጎረቤቴ እማማ አጎንብሰው ወደ ውስጥ አዩና «ልጄ፣ ከአውሬ አድነህ አፍነህ ልትጨርሳቸው ነው?» አሉኝ። ሁለተኛውን ቤት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለስምንት ዶሮ 1 ሜትር በ2 ሜትር ይበቃል፤ ቀን ግቢ ውስጥ ስለሚውሉ የሚያድሩበት ብቻ ነው የሚፈልጉት። ቋሚው የባህር ዛፍ አጠና ነው፤ የሚቀበረውን ጫፍ ምስጥ እንዳይቸኩልበት እሳት ላይ ለብለብ አድርጉት። ወለሉን ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉ። በየእግሩ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘቀዘቀ የቆርቆሮ ቁራጭ ብትመቱ አይጥ አይወጣም። ግድግዳው ማገርና ጭድ የገባበት ጭቃ ይሁን፤ ርካሽ ነው፣ የኅዳርንም ብርድ ይችላል። ለጣሪያ ከቅዳሜ ገበያ አሮጌ ቆርቆሮ ገዝቼ የሚስማር ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንኩ።

ገንዘባችሁን የምታወጡት እዚህ ላይ ነው። ከግድግዳው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለቱም ረጅም ጎን አንድ ስንዝር ክፍት ተዉና በሽቦ ሸፍኑት። የተለመደው የዶሮ ሽቦ ዶሮ ያግዳል እንጂ አውሬ አያግድም፤ ትንሿ ጣታችሁ የማታልፍበትን ጠንካራ ወንፊት ሽቦ ግዙ። በሚስማር ብቻ ከመታችሁት ይነቀላል፤ ጠርዙ ላይ ቀጭን እንጨት ደርባችሁ ምቱት። በሩ ሁለት መቀርቀሪያ ይኑረው፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች። አንድ ብቻ ከሆነ ታችኛው ጥግ ይሳባል፤ አውሬ ደግሞ የሚሞክረው ያንን ጥግ ነው።

ቆጡ ከሽቦው መስኮት ዝቅ ይበል፤ ነፋሱ በዶሮዎቹ ላይ ሳይሆን ከላያቸው ያልፋል። ለአንድ ዶሮ አንድ ስንዝር ቦታ ቁጠሩ። እንጨቱን ልጡት፣ ደም መጣጭ ተባይ ልጥ ሥር ይደበቃል። ባላ ላይ ብቻ ካስቀመጣችሁት ለጽዳት ይነሳል። ለእንቁላል መጣያ 20 ሊትር ጀሪካን ጎኑን ቀድጄ ጭድ ሞላሁበት፤ ሁለቱ ለስምንቱ በቅተዋል።

ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትሁን፤ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ከአንዷ ወደ ሁሉም ይዛመታል። ክትባቱን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

ቤቱ ሲያልቅ ውኃና ጥሬ አስገብታችሁ ሦስት ቀን ቆልፉባቸው፤ ማደሪያቸውን ይለምዳሉ። የእኔዋ ቀይ ዶሮ ግን አሁንም ሲመሽ ኮክ ዛፉ ላይ ጉብ ትላለች። በየማታው በባትሪ ፈልጌ አወርዳታለሁ።