ቫኑ ቆመ፣ አልጋው ግን አብሮን ነው፦ ካምፒንግ ላይ መኪና ሲበላሽ ምን ይደረጋል

መኪና መንገድ ላይ ሲበላሽ ያናድዳል፣ የምትኖሩበት ቫን ሲበላሽ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ምክንያቱም የቆመው መኪናው ብቻ ሳይሆን አልጋውም ማብሰያውም ቁምሳጥኑም ነው፣ እና በዚች ሰአት ሰው የሚሰራው ትልቁ ስህተት «እንደምንም ካምፑ ጋ እንድረስና እዛ እናየዋለን» ማለት ነው። እኔም ብዬዋለሁ። የሙቀት መርፌው ወደ ቀይ እየተጠጋ እያየሁ ትንሽ ነው የቀረኝ ብዬ ነዳሁት፣ ደረስኩም፣ ግን በአንድ ቱቦ ያልቅ የነበረው ነገር የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ስር ያለው ማሸጊያ) ሆኖ ጠበቀኝ። ቱቦ መቀየር የአንድ ሰአት ስራ ነው፣ ጓርኒሲዮን ማለት ግን የሞተሩ ራስ ይወርዳል ማለት ነው፣ እኔም የጋራዥ ግቢ ውስጥ ሳምንት ከረምኩ።

ከዛ በኋላ የገባኝ፣ ቫን ያለው ሰው ከሌላው ሹፌር በተለየ የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም። ውሃ አለው፣ ምግብ አለው፣ መኝታ አለው። ስለዚ ምልክት ስታዩ ቶሎ ቁሙ፣ ከቆማችሁ በኋላ ደሞ ተረጋጉ።

መጀመሪያ አቋቋም

ሞተሩ እየነዳችሁ ከጠፋ መሪው ይከብዳል፣ ፍሬኑም የሚያግዘው ነገር ስለሚቋረጥ ሁለት ሶስቴ ከረገጣችሁት በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ይሰራል፣ ግን ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚ እየለቀቃችሁ ደጋግማችሁ አትርገጡ፣ አንዴ አጥብቃችሁ ያዙት። ቁልፉንም መኪናው ሙሉ በሙሉ ሳይቆም አትንቀሉ፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል። ያለውን ፍጥነት ተጠቅማችሁ ሜዳ የሆነና ከመንገዱ የራቀ ቦታ ላይ ለማረፍ ሞክሩ፣ ለስላሳ ሳር ወይም ጭቃ ውስጥ ግን አትግቡ፣ የተጫነ ቫን እዛ ከሰመጠ በአንዱ ችግር ላይ ሌላ ጨመራችሁ።

ከዛ አራቱንም ፍሬቻ አብሩ፣ አንጸባራቂ ልብስ ልበሱ፣ ሰው ሁሉ መኪና በማያልፍበት በኩል ባለው በር ይውረድ፣ ውሻ ካለ በገመድ። ባለ ሶስት ማዕዘኑን ምልክት ቢያንስ 50 ሜትር ወደኋላ አስቀምጡት፣ ከጠመዝማዛ ወይም ከዳገት ጀርባ ከቆማችሁ ደሞ ምልክቱ ከጠመዝማዛው በፊት መታየት አለበት፣ ካለዚያ ምንም ጥቅም የለውም። መኪና በጣም በሚፈጥንበት አውራ ጎዳና ላይ ግን ምልክት ለማስቀመጥ ብላችሁ በእግር አትሂዱ፣ ከብረት አጥሩ ጀርባ ሆናችሁ እርዳታ ጥሩ።

አንድ ነገር ልድገመው ምክንያቱም ብዙ ቫን ያለው ሰው ያደርገዋል፦ መንገድ ዳር ቆማችሁ አልጋ ላይ ወጥታችሁ አትጠብቁ። ምቹ ነው አውቃለሁ፣ ግን ከኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና መጀመሪያ የሚያገኘው አልጋችሁን ነው።

ኔትወርክ ባይኖርም የስልኩ ጂፒኤስ ይሰራል፣ የሚያስፈልገው ሰማይ ማየት ብቻ ነው። ያላችሁበትን ቦታ የሚያሳየውን የጂፒኤስ ቁጥር በወረቀት ጻፉት፣ ከነጥቡ በኋላ አምስት አሃዝ ካለው ቦታውን በጥቂት ሜትር ልዩነት ያሳያል፣ ከ«ትልቁ ዛፍ አጠገብ» ይሻላል። 112 ደሞ በብዙ አገር ከሞባይል ሲደወል ወደ አካባቢው የአደጋ ጊዜ መስመር ያገናኛል፣ ይሄ ግን አደጋ ላይ ስትሆኑ እንጂ ባትሪ ስላለቀ የሚደወል አይደለም።

አልነሳ ሲል

ቁልፉን ስታዞሩ የሚሰማውን ድምጽ ስሙ፣ ግማሹን ነገር እሱ ይነግራችኋል። ጭራሽ ዝም ካለና ዳሽቦርዱም ካልበራ ባትሪው ሞቷል ወይ ጫፉ ላልቷል። ቶሎ ቶሎ ጠ ጠ ጠ የሚል ከሆነ ባትሪው ደክሟል። አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ፣ መብራቱ ግን ደማቅ ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ ወደሚያስነሳው) ይሄዳል። በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ደሞ ባትሪውን ተዉት፣ ነዳጅ ነው ወይ እሳት ነው ወይ የቁልፉ መከላከያ (መኪናው ቁልፉን ካላወቀው ሞተሩን የሚከለክለው) ነው። ዳሽቦርድ ላይ የቁልፍ ምስል ብልጭ ድርግም ካለ ሁለተኛውን ቁልፍ ሞክሩ። ቀላል ይመስላል ግን ሰው ለዚች ብሎ መኪና አስጎትቷል።

ባትሪ ለመለካት ትንሽ መልቲሜትር ያዙ፣ ከሁሉም እቃዬ በላይ የጠቀመኝ እሱ ነው። ለብዙ ሰአት ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፣ 12.2 ከሆነ ግማሽ ገደማ ቀርቶታል፣ ከ12 በታች ከሆነ አልቋል በሉት። ሞተሩ ተነስቶ ስትለኩ ከ13.7 እስከ 14.7 መካከል ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው፣ በአንዳንድ አዳዲስ መኪና ላይ ቁጥሩ ወጣ ገባ ይላል፣ ግን ሞተሩ እየሰራ 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ችግር አለበት።

አሁን የቫን ጥቅም የሚታይበት ቦታ መጣ። ከኋላ ያለው የቤት ባትሪ (መብራትና ፍሪጅ የሚያንቀሳቅሰው) ከሞተሩ ባትሪ የተለየ ነው አይደል? ሊትየም ከሆነ ወፍራም ገመድ አገናኝታችሁ በሱ ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ሞተሪኖ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ስለሚስብ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ይዘጋዋል ወይም ይጎዳል። በሱ ፋንታ ኢንቨርተሩን (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን) አብሩ፣ ተራ የመኪና ባትሪ ቻርጀር ሰኩበት፣ ቻርጀሩን ከሞተሩ ባትሪ ጋር አገናኙት፣ ከዛ ቁጭ ብላችሁ ቡና ምናምን ጠጡ። እንደ ቻርጀሩ አቅም አንድ ሁለት ሰአት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ማንንም ሳትለምኑ ትነሳላችሁ። እኔ ሶስቴ በዚ ወጥቻለሁ።

ከሌላ መኪና በገመድ የምታስነሱ ከሆነ ቀዩን መጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፕላስ፣ ከዛ በደህናው ፕላስ፣ ጥቁሩን በደህናው ማይነስ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ግን በሞተው ባትሪ ላይ ሳይሆን ከባትሪው ራቅ ባለ ቀለም የሌለው የሞተር ብረት ላይ። ምክንያቱም ባትሪ ሃይድሮጅን ሊተፋ ይችላል፣ የመጨረሻዋ ጫፍ ደሞ ብልጭታ ታወጣለች። ስትነቅሉ ተገላቢጦሽ።

በደንብ ዞሮ የማይነሳ ከሆነ ፊውዞቹን እዩ። የተቃጠለውን በእኩል አምፔር ብቻ ቀይሩ፣ በትልቅ ከቀየራችሁት በፊውዙ ፋንታ ሽቦው ነው የሚቃጠለው። የነዳጅ ፓምፕ ሪሌ (ፓምፑን የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ ማብሪያ) ከተጠራጠራችሁ ደሞ ብዙ ጊዜ የክላክሱ ሪሌ ያው አይነት ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ አቀያይሩና ሞክሩ፣ ለጊዜው ክላክስ አለመኖሩ ይቻላል። ናፍታ የሆነ መኪና ነዳጁ ጨርሶ አልቆበት ከነበረ መሙላት ብቻ ላይበቃው ይችላል፣ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፣ የእጅ ፓምፕ ካለው እስኪጠነክር ጫኑት። በናፍታ መኪና ቤንዚን ከቀዳችሁ ግን ቁልፉን እንኳ አታዙሩ፣ በብዙ መኪና ሞተሩ ሳይነሳም ቁልፉ እንደዞረ ፓምፑ ስራ ይጀምራል። ሳይነሳ ከተገኘ ሰልቫትዮውን (የነዳጅ ታንኩን) ማራገፍ ነው፣ ከተነሳ በኋላ ከሆነ ግን ፓምፑና ኢንጀክተሩ አብረው ሊበላሹ ይችላሉ።

ሲሞቅ

መርፌው ሲወጣ ኤሲ አጥፉ፣ ማሞቂያውን ሙሉ ክፈቱ፣ መስኮት ክፈቱ። ማሞቂያው ከሞተሩ ሙቀት ስለሚሰርቅ ትንሽ ይረዳል፣ እናንተ ትቀቀላላችሁ ግን ሞተሩ ይተርፋል። በአንድ ሁለት ደቂቃ ካልወረደ ቁሙና አጥፉ።

ከዛ ክዳኑን አትንኩ። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ በግፊት ስለታፈነ ከ100 ዲግሪ ሴንትግሬድ በላይ ሞቆም ሳይፈላ ይቆያል፣ ክዳኑን የከፈታችሁ ጊዜ ግን ግፊቱ ሲወርድ ባንዴ ይፈላና ፊት ላይ ነው የሚተፋው። ቢያንስ ግማሽ ሰአት፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰአት፣ የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲያዝ እስኪቀዘቅዝ። እስከዛ ኮፈኑን ከፍታችሁ በአይን ፈልጉ፦ ከስር የሚንጠባጠብ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ፣ የተበጠሰ ቺንጋ፣ የማይዞር ፋን። በብዙ መኪና አንዱ ቺንጋ ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም ስለሚያዞር የባትሪ መብራት በርቶ ወዲያው ሙቀቱ ከወጣ ቺንጋው ሄዷል፣ እንደዛ ከሆነ መቶ ሜትርም አትንዱት።

ከቀዘቀዘ በኋላ ከቤት ታንኩ ንጹህ ውሃ ጨምሩ (ይኸው ሌላ ጥቅም)፣ በጣም የሞቀ ሞተር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም፣ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። የተሰነጠቀ ቱቦ ካገኛችሁ እርስ በርሱ የሚጣበቀውን የሲሊኮን ቴፕ እየሳባችሁ ደጋግማችሁ ጠምጥሙት፣ ጋራዥ ድረስ በዝግታ ያደርሳል። በኋላ ግን ትክክለኛውን ኩላንት አስገቡ፣ ተራ ውሃ ዝገት ያመጣል፣ በብርድ አገር ደሞ በረዶ ይሆንና ሞተሩን ይሰነጥቀዋል። የዘይት ክዳኑ ስር ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ፣ ከማርሚታውም ነጭ ጭስ አልቋረጥ ካለ፣ ቴፑን ተዉትና ጎታች ጥሩ። እኔን እዩኝ።

ጎማ

ከቤት ሳትወጡ አንዴ ለሙከራ ጎማ ቀይሩ። የምሬን ነው። ቫን ተሰርቶ ታንክና ሳጥን ሲገባበት የክሪክ መግቢያው ሊሸፈን ይችላል፣ ስኮርት ጎማው ከሆዱ ስር ተሰቅሎ ከሆነ ማውረጃው በዝገት ሊጣበቅ ይችላል፣ መሳሪያው ደሞ ሁሌም ከአልጋው ስር ከሁሉም እቃ በታች ነው። ይሄን በዝናብ ሌሊት ከማወቅ በቀን ማወቅ ይሻላል።

ቦታው ሜዳና ጠንካራ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ማርሽ ይግባ፣ ሰያፍ በሚገኘው ጎማ ስር ድንጋይ ወይም እንጨት ይደረግ፣ ክሪኩ አፈር ላይ ከሆነ ከስሩ ሰፊ ጣውላ። ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው ማላላት፣ ካነሳችሁት በኋላ ስትታገሉ ከክሪኩ ሊወድቅ ይችላል። ውስጥ ሰው አይኑር፣ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር አካላችሁ አይግባ። ስታስሩ ተቃራኒ ተቃራኒውን እየመረጣችሁ፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁ። ቀጭኑ ጊዜያዊ ጎማ ከሆነ ከ80 በሰአት አትለፉ።

ቫን ብዙ ጊዜ ስለሚቆም ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ ያለችውን አራት አሃዝ እዩ፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው። ክረክሩ ጥሩ ሆኖ ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ አትመኑ።

መብራቶቹ

ቀይ የዘይት መብራት፦ ወዲያው አጥፉ፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሞተር ሊጨርስ ይችላል። የሞተር ምልክቱ ብርቱካናማ ሆኖ ዝም ብሎ ከበራና መኪናው ደህና ከሄደ ቀስ ብላችሁ መንዳት ትችላላችሁ፣ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ማርሚታው እየሄደ ነው፣ ቁሙ። ርካሿ የኦቢዲ ማንበቢያ (ከመኪናው ኮምፒውተር የብልሽት ኮድ የምታነብ መሳሪያ) ኮዱን ትነግራችኋለች፣ ኮድ ማለት ግን የተጎዳውን ሰፈር እንጂ የሚቀየረውን እቃ አይደለም፣ ስለ ሴንሰር ያወራ ኮድ ሁሉ ሴንሰር ግዙ ማለት አይደለም።

መጎተት ካለበት

ስትደውሉ «ቫን ነው» ብቻ አትበሉ። ቁመት፣ ርዝመት፣ የተጫነ ክብደት፣ የትኛው ጎማ እንደሚነዳ፣ ማርሹ አውቶማቲክ መሆን አለመሆኑን ንገሯቸው። ጣሪያው ላይ ሶላር ያለው ረጅም ቫን ተራ ጎታች ላይ ላይወጣ ይችላል፣ አንዳንድ ኢንሹራንስ ደሞ ከ3.5 ቶን በላይ አይሸፍንም፣ ይሄን ከጉዞው በፊት አንብቡት። አውቶማቲክ ወይም አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተንከባለሉ እንዳይጎተት፣ ጊርቦክሱ ይቃጠላል።

ከመውጣቱ በፊት ጋዙን ከሲሊንደሩ ዝጉ፣ ሰነድ፣ መድሃኒት፣ ቻርጀርና የሞቀ ልብስ በአንድ ቦርሳ አውጡ፣ ቫኑ ጋራዥ ሲዘጋበት ቁልፉ እነሱ ጋ ነው የሚያድረው። ግቢ ውስጥ ማደር ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፣ ካልተጠየቁ ግን ማንም አያስታውሰውም።

ሌሊት እዛው ከሆነ

ለመሞቅ ብላችሁ ሞተር አስነስታችሁ ወይም የጋዝ ምድጃ ለኩሳችሁ አትተኙ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በረዶ ማርሚታውን ከዘጋው ደሞ ጭሱ ወደ ውስጥ ነው የሚመለሰው። ማስጠንቀቂያ መሳሪያ ስቀሉ፣ ብርድ ልብስ ደራርቡ፣ ሙቅ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ እግራችሁ ጋ አድርጉ።

ተጠግኖ ሲወጣ የተቀየረውን አሮጌ እቃ አሳዩኝ በሉ፣ ጎማ ወርዶ ከነበረ ዳዶውን ራሳችሁ ፈትሹ፣ ፈሳሾቹን እዩ። እና የመጀመሪያውን ሌሊት ከጋራዡ 20 ወይ 30 ኪሎሜትር ሳትርቁ እደሩ፣ ጠዋት ስትነሱ ከስሩ የሚንጠባጠብ ነገር ካለ ተመልሳችሁ ለማሳየት ቅርብ ናችሁ።